ሁለት የልደት ቀን ያላት አገር፦ ኢንዶኔዢያ ነፃነቷን ካወጀችበት እስከተረከበችበት

በጽሕፈት መኪና የተመታው ወረቀት ግርጌው ላይ «ጃካርታ፣ ቀን 17፣ ወር 8፣ ዓመት 05» ይላል። ይህ 05 የማን አቆጣጠር ነው ብሎ ለጠየቀ መልሱ ፈገግ ያሰኛል፤ የጃፓን ነው። በጃፓን ንጉሣዊ አቆጣጠር ዘመኑ 2605 ነበርና፣ ሦስት ዓመት ተኩል በጃፓን ሥር የኖረ እጅ የለመደውን ጻፈ። «ነፃ ወጥተናል» የሚለው ወረቀት በገዢ ዘመን ተቆጥሮ ወጣ። የራሱ አቆጣጠር ያለው አንባቢ የዚህችን ነገር ክብደት ሳይነገረው ያውቃታል።

ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 17 ቀን 1945፣ በእኛ ነሐሴ 11 ቀን 1937 ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ የአውሮፓ ናቸው። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ጃካርታ ባለችበት በጃቫ ደሴት ላይ የረመዳን ጾም፣ እኛ ዘንድ ደግሞ ፍልሰታ። የነፃነት ንቅናቄው መሪ፣ ኋላም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሱካርኖ ወባ ይዞት ሲያተኩሰው ነው ያደረው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጃካርታ ውስጥ በፔጋንግሳን ቲሙር መንገድ፣ ቁጥር 56 ከሆነው ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሁለት ዓረፍተ ነገር አነበበ። የመጀመሪያው ነፃነትን ያውጃል። ሁለተኛው የሥልጣን ርክክቡና ሌላው ጉዳይ ሁሉ በጥንቃቄና እጅግ ባጠረ ጊዜ ውስጥ እንደሚፈጸም ይናገራል። ከዚያ ባለቤቱ ፋትማዋቲ የሰፋችው ቀይና ነጭ ባንዲራ በቀርከሃ እንጨት ላይ ተሰቀለ።

ያ «እጅግ ያጠረ ጊዜ» አራት ዓመት ከአራት ወር ከዐሥር ቀን ወሰደ። ሆላንድ ሉዓላዊነቱን በይፋ ያስረከበችው ዲሴምበር 27 ቀን 1949 ነው።

የእስያ ቅኝ ግዛቶች እንዴት ነፃ ወጡ ሲባል ብዙ ጊዜ ሁለት ስም ይጠራል፤ ጋንዲና ሆ ቺ ሚን፣ ሰላማዊ ትግልና ጠመንጃ። ኢንዶኔዢያ ሁለቱንም፣ አንዳንዴም በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ስለሞከረች ለማነጻጸር ትመቻለች። እኔ ግን የትግሉ ዓይነት ብቻውን ብዙ አያስረዳም ባይ ነኝ። ሰነዶቹን ባገላበጥኩ ቁጥር የሚመለስብኝ ጥያቄ የሂሳብ ሠራተኛ ጥያቄ ነው፦ የገዢውን ወጪ የሚሸፍነው ማን ነበር? በመጨረሻስ ዕዳው የተጻፈው በማን ስም ነው?

ባዶ ወንበር

ሆላንዶች ደሴቶቹን ከ1602ቱ የንግድ ኩባንያቸው ጀምሮ ቀስ በቀስ ነው የያዙት። ያጡት ግን በሳምንታት ነው። ጃፓን ጃቫ ላይ በወረደ በስምንተኛው ቀን፣ ማርች 8 ቀን 1942፣ ካሊጃቲ በተባለ የአየር ማረፊያ ላይ እጃቸውን ሰጡ። ነጭ ጌታ የማይነካ ይመስለው የነበረ ገበሬ ያን ጌታ በመጠለያ ካምፕ ታጉሮ አየው። ይኼ ከማንኛውም ቅስቀሳ በላይ ሠርቷል።

ጃፓኖችም ነፃ አውጪ አልነበሩም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የጃቫ ሰው «ሮሙሻ» እየተባለ ለግዳጅ ጉልበት ሥራ ተነድቷል፤ ብዙው አልተመለሰም። በ1944 እና በ1945 ጃቫን ረሃብ መታት። ነገር ግን ጃፓኖቹ ሁለት ነገር ጥለው ሄዱ። አንደኛው በ1943 ያቋቋሙት «ፔታ» የተባለ የአገሬው ተወላጆች ጦር ነው፤ ጃቫ ላይ ብቻ ወደ 37,000 ሰው ነበረው። ሁለተኛው ሱካርኖን ራሱን ነው። ሆላንዶች በ1929 አስረውት፣ ኋላም ወደ ፍሎሬስ ደሴት፣ ቀጥሎም ወደ ቤንግኩሉ አግዘውት ነበር። ጃፓኖች አውጥተው ማይክሮፎን ሰጡት። ሆላንዶች በኋላ «ይህ የጃፓን ባንዳ ነው» ያሉት ለዚህ ነው። ባንዳ የሚለውን ቃል እኛ በቀላሉ አንጠቀምበትም፤ ስለዚህ ትንሽ ልቁም። ሱካርኖ ሕዝቡ ሮሙሻ ሆኖ እንዲሄድ ቀስቅሷል፤ በኋላም ራሱ አልካደም። ግን የማይክሮፎኑን አንድ ግማሽ ለራሱ ጉዳይ ተጠቅሞበታል። ሁለቱም እውነት ነው።

ጃፓን ኦገስት 15 እጇን ስትሰጥ ወንበሩ ባዶ ሆነ። ሆላንድ ራሷ ከጀርመን ነፃ ከወጣች ገና ሦስት ወሯ ነበር፤ ጦርም መርከብም አልነበራትም። እንግሊዞች አልደረሱም። ነፃነት አሁኑኑ ይታወጅ የሚሉት ወጣቶች ይህ ቀዳዳ ቶሎ እንደሚደፈን ገባቸው። ሱካርኖና የትግል አጋሩ ሞሐመድ ሐታ ግን ደም እንዳይፈስ ጃፓኖችን ማማከር ፈለጉ። ወጣቶቹ ኦገስት 16 ሊነጋ ሲል ሁለቱን ጠልፈው ሬንጋስዴንግክሎክ ወደምትባል ከተማ ወሰዷቸው፤ ፋትማዋቲንም ከነጨቅላ ልጇ ጨምረው። አገር መሥራቾቹ በገዛ ደጋፊዎቻቸው ተጠልፈው ነው ወደ አዋጁ የተጎተቱት።

ማታ ሲመለሱ የተሰበሰቡት አድሚራል ማዬዳ በተባለ የጃፓን ባሕር ኃይል መኮንን ቤት ነው። የጃፓን ምድር ጦር ሊያስራቸው ስለሚችል ከዚያ የተሻለ መጠለያ አልነበረም። ሱካርኖ በእጁ ጻፈ፣ ሰረዘ፣ ደገመ። ሳዩቲ ሜሊክ የተባለ ወጣት በጽሕፈት መኪና መታው፤ ቤት ውስጥ የነበረው መኪና የጃፓንኛ ፊደል ስለነበረ ከጀርመን ባሕር ኃይል ቢሮ አንድ ተውሰው ነው ይባላል። ማን ይፈርም በሚለው ተከራከሩ፤ በመጨረሻ «በኢንዶኔዢያ ሕዝብ ስም» ተብሎ ሱካርኖና ሐታ ብቻ ፈረሙ። ሱካርኖ የጻፈበትና የሰረዘበት ረቂቅ ተጨማድዶ ተጣለ። ቢ.ኤም. ዲያህ የተባለ ጋዜጠኛ አንስቶ ኪሱ ከተተውና ከአርባ ዓመት በላይ አስቀምጦ በ1992 ለመንግሥት አስረከበው።

ይህን የባዶ ወንበር ነገር ከጎረቤት ጋር እናስተያየው። ሆ ቺ ሚን ሃኖይ ላይ ባ ዲን አደባባይ ነፃነት ያወጀው ሴፕቴምበር 2 ነው፤ ከጃካርታ በዐሥራ ስድስት ቀን ይዘገያል። ምክንያቱም ዕድሉም አንድ ነው። ሕንድ ግን እንዲህ ያለ ቀዳዳ አላገኘችም። እንግሊዝ ዴልሂን ለአንድ ቀንም ለቃ አልወጣችም፤ ስለዚህ የሕንድ ነፃነት ከሰነድ ወደ ሰነድ፣ ከቢሮ ወደ ቢሮ ነው የተሻገረው። ኢንዶኔዢያና ቬትናም መጀመሪያ አወጁ፤ ከዚያ ያወጁትን ሊከላከሉ ወጡ።

ሱራባያ

የእንግሊዝ ጦር በሴፕቴምበር መጨረሻ መውረድ ጀመረ። ሥራው ጃፓኖችን ትጥቅ ማስፈታትና የታጎሩትን አውሮፓውያን ማስለቀቅ ነበር። በጥላው ሥር ግን የሆላንድ አስተዳዳሪዎችም ተከትለው ገቡ፤ ሕዝቡም ይህን አየ።

ሴፕቴምበር 19 ሱራባያ ከተማ ውስጥ ያማቶ ሆቴል ጣራ ላይ የሆላንድ ባንዲራ ተሰቀለ፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ። ወጣቶች ወጥተው ሰማያዊውን ቀደው ጣሉትና የቀረውን ቀይና ነጭ መልሰው ሰቀሉት። አንድ ጨርቅ በአንድ ቅዳጅ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ተሻገረ። ኢንዶኔዢያ ውስጥ ይህን ታሪክ የማያውቅ ሕፃን የለም።

ኦክቶበር 30 የእንግሊዙ ብርጋዴር ማላቢ በግርግር መሃል መኪናው ውስጥ ተገደለ። እንግሊዞች መሣሪያ አስረክቡ ብለው የጊዜ ገደብ ሰጡ፤ የሚሰማቸው ሲያጡ ኖቬምበር 10 ከተማዋን ከባሕርም ከአየርም ደበደቡ። ቡንግ ቶሞ የተባለ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት በራዲዮ «አላሁ አክበር» እያለ ይቀሰቅስ ነበር። ሱራባያን ለመያዝ ሦስት ሳምንት ፈጀ። የሞቱት ኢንዶኔዢያውያን በሺዎች ናቸው። ኖቬምበር 10 ዛሬ የጀግኖች ቀን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር፣ ያ «የእንግሊዝ ጦር» በአብዛኛው ሕንዳውያን ወታደሮች መሆናቸው ነው። ራሳቸው ቅኝ ተገዢ የሆኑ ሰዎች የሌላውን ቅኝ ግዛት ለማስመለስ ሞቱ። በመቶዎች የሚቆጠሩት ከነመሣሪያቸው ወደ ኢንዶኔዢያ ወገን ከዱ። የሕንዱ መሪ ኔህሩ ልጆቻችንን ለዚህ አታውሉ ብሎ ጮኸ። ለንደንም ሕንድን ልትለቅ እየተዘጋጀች የሕንድን ወታደር ለሆላንድ ጥቅም ማስፈጀት እንደማያዋጣት ገባት፤ በኖቬምበር 1946 መጨረሻ ጦሯን አውጥታ ሄደች። የሕንድ ነፃነት በተዘዋዋሪ የኢንዶኔዢያን ገፋ።

የዚያ ወቅት ሌላ ገጽም አለ። የታጠቁ ወጣቶች ሆላንዳውያንን፣ ክልሶችን፣ ቻይናውያንንና ከሆላንድ ጋር ናቸው የተባሉ አምቦናውያንን በሺዎች ገድለዋል። ሆላንዶች ያንን ጊዜ «በርሲያፕ» ይሉታል፤ «ተዘጋጅ!» የሚለው የወጣቶቹ ጩኸት ነው። ኢንዶኔዢያ ውስጥ ስለዚህ ብዙ አይወራም።

«የፖሊስ እርምጃ»

ሱካርኖ የሚመራው የኢንዶኔዢያ ሪፐብሊክ መንግሥት በጃንዋሪ 1946 ጃካርታን ለቆ ወደ ዮግያካርታ ሄደ። የዮግያካርታው ሱልጣን ሐመንግኩቡዎኖ 9ኛ በሆላንድ የተማሩ፣ ከሆላንድ ጋር ቢወግኑ ብዙ የሚያተርፉ ሰው ነበሩ። ከሪፐብሊኩ ጎን ቆሙ፤ ግዛታቸውንም መጠለያ አደረጉለት።

ከዚያ ድርድር ሆነ። በሊንጋጃቲ ስምምነት፣ ማርች 1947 በተፈረመው፣ ሆላንድ ሪፐብሊኩ ጃቫን፣ ማዱራንና ሱማትራን በተግባር እንደሚያስተዳድር ተቀበለች፤ ወደፊት ከሆላንድ ዘውድ ጋር የተቆራኘ ፌዴራላዊ መንግሥት ይቋቋማል ተባለ። ሁለቱም ወገን ቤቱ ሲገባ የየራሱን ትርጉም ሰጠው። አራት ወር ሳይሞላው፣ በጁላይ 1947፣ ሆላንድ ከባድ ጦር አዘመተች።

የዘመቻው ስም ብዙ ይናገራል። ለዓለም «የፖሊስ እርምጃ» ተባለ፤ ምክንያቱም ጦርነት በሁለት አገር መካከል የሚደረግ ሲሆን ፖሊስ የሚሠራው ግን ቤቱ ውስጥ ነውና የተባበሩት መንግሥታት ምን አገባው ለማለት ነው። በጦሩ ወረቀት ላይ ያለው የምሥጢር ስም ደግሞ «ፕሮዳክት» ነው፤ ምርት። ግቡ የጎማ፣ የስኳርና የሌላውን እርሻ ቦታ፣ የሱማትራንም የዘይት ጉድጓድ መያዝ ነበር። በጀርመን የተዘረፈች አገር ራሷን መልሳ የምትገነባበት ገንዘብ ከኢንዶኔዢያ አፈር እንዲወጣላት ፈለገች።

አውስትራሊያና ሕንድ ጉዳዩን ወደ ጸጥታው ምክር ቤት ወሰዱት። አውስትራሊያ እዚህ መግባቷ የሚገርመው ካለ ወደቧን ይመልከት፤ የወደብ ሠራተኞቿ ከ1945 ጀምሮ ለሆላንድ መርከብ ዕቃ አንጭንም ብለው አድመው ነበር። በጃንዋሪ 1948 ጃካርታ ወደብ ላይ በቆመች «ሬንቪል» በተባለች የአሜሪካ መርከብ ላይ ሌላ ስምምነት ተፈረመ። ይኼኛው ለሪፐብሊኩ መራራ ነበር፤ ሆላንድ በጉልበት የያዘችውን እንደያዘች ቀረች። የሪፐብሊኩ የሲሊዋንጊ ክፍለ ጦር ያልተሸነፈበትን ምዕራብ ጃቫን ለቆ እንዲወጣ ታዘዘ፤ ከ30,000 በላይ ወታደር ተሰልፎ ወጣ። ወታደሮቹ ጉዞውን «ሂጅራ» አሉት።

በድርድሩ መሃል ዲሴምበር 9 ቀን 1947 የሆላንድ ወታደሮች ራዋጌዴ የምትባል መንደር ገብተው አንድ የሚፈልጉት ሽምቅ ተዋጊ ሲያጡ ወንዶቹን አሰልፈው ረሸኑ። መንደርተኛው የሟቹን ቁጥር 431 ይላል፤ የሆላንድ መንግሥት ለረጅም ጊዜ 150 ሲል ነበር። ወደዚህች መንደር እመለሳለሁ።

ማዲዩን፣ ወይም ዋሽንግተን ሐሳቧን የቀየረችበት ወር

ኢንዶኔዢያንና ቬትናምን የለየው ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቅ፣ አንድ ወር ምረጥ ብባል ሴፕቴምበር 1948ን እመርጣለሁ።

በዚያ ወር 18ኛው ቀን በምሥራቅ ጃቫ ማዲዩን ከተማ ኮሚኒስቶች ሥልጣን ያዙ። መሪያቸው ሙሶ ከሞስኮ የተመለሰው በቅርቡ ነበር። ሱካርኖ በራዲዮ «ወይ ሙሶን ወይ ሱካርኖ ሐታን ምረጡ» ዓይነት ንግግር አደረገ፤ ከምዕራብ ጃቫ ተገፍቶ የወጣው ያው የሲሊዋንጊ ጦር ዘመተ፤ በሳምንታት ውስጥ አመፁ ተደመሰሰ፣ ሙሶም ተገደለ። ወገን ወገኑን የገደለበት ደም የሚያፋስስ ወር ነው፤ ቁስሉም ኮሚኒስቶች በጅምላ መገደል በጀመሩበት በ1965 ዳግመኛ አመርቅዟል።

ዋሽንግተን ግን ያየችው ሌላ ነገር ነው። ሆላንድ ስትሸጥላት የነበረው ወሬ «እኛ ከሄድን ኮሚኒስት ይገባል» የሚል ነበር። አሁን ኮሚኒስቱን ያለ ሆላንድ እርዳታ ሪፐብሊኩ ራሱ መታው። ከዚያ በኋላ ሆላንድን መርዳት ኮሚኒስቱን መርዳት መሰለ። ቬትናም ላይ ይህ የሚቻል አልነበረም፤ የነፃነቱ መሪና ኮሚኒስቱ አንድ ሰው ነውና። በ1950 አሜሪካ ፈረንሳይ እንደ አሻንጉሊት ላስቀመጠችው የቬትናም መሪ ለባኦ ዳይ እውቅና ሰጠች፤ የፈረንሳይንም የጦር ወጪ ደረጃ በደረጃ ተሸከመች፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት አብዛኛውን የምትከፍለው እርሷ ነበረች። በሌላ ሰው ኪስ የሚዋጋ ቶሎ አይደክምም። ፈረንሳይ እስከ ሜይ 7 ቀን 1954፣ ዲየን ቢየን ፉ እስክትወድቅ፣ ተዋጋች፤ ከዚያም አገሪቱ በ17ኛው ኬክሮስ ተከፈለች።

ሆላንድ ይህ ለውጥ የገባት አይመስልም። ዲሴምበር 19 ቀን 1948፣ ፓሪስ የተሰበሰበው የጸጥታው ምክር ቤት ለገና ሊበተን ሲል፣ በፓራሹት ወታደር ዮግያካርታን ያዘች። ሱካርኖ፣ ሐታና ሚኒስትሮቻቸው ተማረኩ።

ሱካርኖ ጫካ እገባለሁ ብሎ ነበር፤ አልገባም። ይህ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ጀኔራል ሱዲርማን ግን ወጣ። የትምህርት ቤት መምህር የነበረ ሰው ነው፤ በ29 ዓመቱ የጦሩ አዛዥ ሆኖ ተመረጠ። የሳንባ ነቀርሳ ይዞት አንዱ ሳንባው ሥራ አቁሞ ነበር። ወታደሮቹ በቃሬዛ ተሸክመውት፣ ወንዝ አሻግረው፣ ኮረብታ አውጥተው፣ ለሰባት ወር ያህል በጃቫ ገጠር የሽምቅ ውጊያውን መራ። ሉዓላዊነቱ በተረከበ በወሩ፣ በ34 ዓመቱ ሞተ። ሱማትራ ላይ ደግሞ ሻፍሩዲን ፕራዊራኔጋራ የተባለ የኢኮኖሚ ሰው የአስቸኳይ ጊዜ መንግሥት አቋቋመ። ሥልጣን የሚሰጠው ቴሌግራም ከዮግያካርታ ተልኮለት ነበር፤ አልደረሰውም፤ እርሱም ሳይጠብቅ ሠራው።

ሆላንድ ያልጠበቀችው ሌላም ነበር። ሪፐብሊኩን ለማዳከም ራሷ ያቆመቻቸው የፌዴራል ግዛቶች፣ በተለይ የምሥራቅ ኢንዶኔዢያና የፓሱንዳን ካቢኔዎች፣ ተቃውመው ሥራ ለቀቁ። ያሳደገችው ነከሳት። አሜሪካም ከጦርነቱ በኋላ አውሮፓን ለማቋቋም ከምትሰጠው የማርሻል እርዳታ ለሆላንድ ኢንዲስ፣ ማለትም ለቅኝ ግዛቱ፣ የሚሄደውን አቆመች። ለሆላንድ ራሷ የሚሄደውም ይቁም የሚል ድምፅ በሴኔቱ ውስጥ ተነሣ። መቶ ሺህ የሚበልጥ ጦር በሰው ገንዘብ ይዞ ለቆመ መንግሥት ከዚህ የሚያስደነግጥ ነገር የለም።

የጥምቀት ማግስት፣ ኒው ዴልሂ

ጃንዋሪ 20 ቀን 1949፣ በእኛ ጥር 12 ቀን 1941፣ ኔህሩ ስለ ኢንዶኔዢያ ጉባኤ ጠራ። ከእስያ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅ፣ ከአውስትራሊያ መልእክተኞች መጡ። ከአፍሪካ ግብፅና ኢትዮጵያ ነበሩ።

የኢትዮጵያ ወንበር እዚያ መኖሩ በታሪካችን መጻሕፍት ብዙም አይወሳም፤ ስድስት ዓመት ቆይቶ በ1955 ኢንዶኔዢያ ውስጥ ባንዱንግ ላይ በተደረገው የእስያና የአፍሪካ ጉባኤ ከተገኙት 29 አገሮች አንዷ መሆኗ ነው የሚጠቀሰው። ለእኔ ግን የ1949ኙ ይበልጣል። ከዐሥራ ሦስት ዓመት በፊት ጄኔቭ ላይ የኢትዮጵያ አቤቱታ ሲሰማ የመንግሥታቱ ማኅበር በጣልያን ላይ ማዕቀብ ጥሎ ነበር፤ ዘይት ግን አልተነካም። የጣልያን ታንክና መኪና በዚያው ዘይት አዲስ አበባ ገቡ። አሁን ሌላ የተወረረ ሕዝብ አቤት ሲል ያ ትምህርት የደረሰባት አገር ከሰሚዎቹ ወገን ተቀምጣለች። ይህኛው አቤቱታ ጠብ ያለ ነገር ካገኘ፣ የዓለም ኅሊና በዐሥራ ሦስት ዓመት ስለተሻሻለ አይመስለኝም። በዚህኛው ዙር የተነካው ዘይቱ ስለሆነ ነው፤ ዶላሩ።

የዴልሂው ጉባኤ እስረኞቹ ይፈቱ፣ ዮግያካርታ ትመለስ፣ ሥልጣኑም እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 1950 ይተላለፍ አለ። ከሳምንት በኋላ የጸጥታው ምክር ቤት ተመሳሳይ ውሳኔ ሲያወጣ ቀኑን ወደ ጁላይ 1950 ገፋው። በተግባር የሆነው ለዴልሂው የቀረበ ነው፤ በአምስት ቀን ቀድሞ ተፈጸመ። በሌላ በኩል ሕንድና ጎረቤቶቿ የሆላንድ አውሮፕላን በሰማያችን አያልፍም ብለው ከልክለው ነበር፤ ለእንዲህ ያለ ሩቅ ግዛት የአየር መንገድ መዘጋት ቀላል ነገር አልነበረም።

ማርች 1 የሪፐብሊኩ ወታደሮች ዮግያካርታን ለስድስት ሰዓት ያዙና ወጡ። በወታደራዊ ሚዛን ትንሽ ነው። ሆላንድ «ሪፐብሊኩ ጠፍቷል» ስትል ለከረመችው ግን መልስ ነበር፤ ወሬውም በራዲዮ ተቀባብሎ ውጭ ደረሰ። በጁላይ መሪዎቹ ወደ ዮግያካርታ ተመለሱ።

ሂሳቡ

በሔግ የክብ ጠረጴዛ ጉባኤው ከኦገስት 23 እስከ ኖቬምበር 2 ቀን 1949 ተቀመጠ። ባንዲራው አላጨቃጨቀም። ያጨቃጨቀው ዕዳው ነው።

ሆላንድ የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ዕዳ ሁሉ ለአዲሱ መንግሥት ይተላለፍ አለች። ኢንዶኔዢያውያኑ መዝገቡን ሲገልጡ እነርሱን ለመውጋት የወጣው ገንዘብም እዚያው ውስጥ ተደምሯል። የጥይቱን ዋጋ ክፈል የተባለ ሰው የሚሰማውን መገመት አይከብድም። በአሜሪካዊው መርል ኮክራን አሸማጋይነት የተደረሰበት ቁጥር 4.3 ቢሊዮን ጊልደር ነው። የምዕራብ ኒው ጊኒ (የፓፑዋ) ጉዳይ ደግሞ ለአንድ ዓመት ይቆይ ተባለ።

ይህን ከሕንድ ጋር አስተያዩት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ ከሕንድ ስንቅ፣ ልብስና ወታደር በዱቤ ስትወስድ ኖራ ጦርነቱ ሲያልቅ ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ የምትከፍለው የሕንድ ዕዳ ነበረባት። ገዢው የተገዢው ባለዕዳ ሆነ። ግዛቱ መክፈሉን ትቶ ጠያቂ ሲሆን ለንደን ቶሎ የምትወጣበትን በር ፈለገች፤ በፌብሩዋሪ 1947 እስከ ጁን 1948 እንለቃለን አለች፣ የመጨረሻው የእንግሊዝ እንደራሴ ማውንትባተን ደግሞ ቀኑን ወደ ኦገስት 15 ቀን 1947 ጎተተው። ሕንድ ዕዳ ተሸክማ አልወጣችም። የጥድፊያውን ዋጋ ግን በሌላ ከፈለች፤ ፑንጃብንና ቤንጋልን የሚከፍለው ድንበር በአምስት ሳምንት ተሰመረ፣ በመቶ ሺዎች ሞቱ፣ ሚሊዮኖች ተፈናቀሉ። ስለዚህ ማን በርካሽ ወጣ የሚለውን ጥያቄ ጊልደር ቆጥሮ ብቻ መመለስ አይቻልም።

የሂሳቡ ትንተና የማይገዛው አገርም አለ፤ ፖርቱጋል። ድሃ ነበረች፣ ሆኖም ሕንድ ውስጥ የያዘችውን ጎዋን አልለቅም አለች።  በዲሴምበር 1961 የሕንድ ጦር ገብቶ በሁለት ቀን ሳይሞላ ጨረሰው፤ ጋንዲን የወለደች አገር። ሌላውን የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት፣ ምሥራቅ ቲሞርን፣ ደግሞ ራሷ ኢንዶኔዢያ በ1975 ወርራ ታሪኩን ገለባበጠችው።

ሁለቱ ቀኖች

ዲሴምበር 27 አምስተርዳም ቤተ መንግሥት ውስጥ ሐታ ከንግሥት ዩሊያና ጋር ተቀምጦ ፈረመ። በዕድሜው ገና ወጣት ሳለ ሮተርዳም ተምሮ፣ ኋላም በሆላንዶች እጅ ቦቨን ዲጉል በሚባል የፓፑዋ ወባ ሜዳ ታግዞ የኖረ ሰው ነው። ጃካርታ ላይ የተረከቡት ሱልጣን ሐመንግኩቡዎኖ ናቸው። በማግስቱ ሱካርኖ በአውሮፕላን ጃካርታ ገባ፤ አውሮፕላኑ የሆላንድ ነበር፣ ላዩ ላይ «ጋሩዳ» የሚል አዲስ ስም ተቀብቶበት።

ሆላንድ አርቅቃ ያስረከበችው ፌዴሬሽን ዓመት አልሞላውም። ኦገስት 17 ቀን 1950፣ ሆን ተብሎ በዚያው ቀን፣ ፈርሶ አሐዳዊ ሪፐብሊክ ሆነ። ዕዳው እስከ 1956 ሲከፈል ቆየ፤ በዚያ ዓመት ጃካርታ ስምምነቱን በአንድ ወገን ስትሰርዝ ብዙው ተከፍሏል። «ለአንድ ዓመት» የተባለችው ምዕራብ ኒው ጊኒ ዐሥራ ሦስት ዓመት ወስዳ በ1963 ተላለፈች፤ ፓፑዋውያን ራሳቸው በ1969 «መረጡ» የተባለበት አካሄድ ሌላ የጉዳይ ጥናት ይወጣዋል።

የልደት ቀኑ ክርክር ግን አልተዘጋም። ለኢንዶኔዢያ ነፃነቱ 1945 ነው። ሆላንድ ለአሥርተ ዓመታት 1949 ነው ስትል ኖረች። ነገሩ የበዓል ቀን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቀኑ 1945 ከሆነ፣ ቀጥሎ የዘመተው ጦር ፖሊስ መሆኑ ቀርቶ የሌላ አገር ወራሪ ይሆናል፤ ወደ 5,000 የሚጠጉ የሞቱ የሆላንድ ወታደሮችና የተመለሱት ሁሉ ለምን እንደተላኩ እንደገና መጠየቅ ይመጣል። ከኢንዶኔዢያ በኩል የሞተው ወደ 100,000 ይገመታል።

ራዋጌዴን የዘነጋሁ እንዳይመስላችሁ። በ2011 ሔግ ያለው ፍርድ ቤት የመንደሯን ባልቴቶች ክስ ሰማ። የመንግሥት ጠበቆች «ይርጋ አግዶታል» ብለው ተከራከሩ፤ ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም። ባሎቻቸው ከተረሸኑ ከስድሳ ሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዩሮ ተከፈለ። አንዳንዶቹ ከሳሾች ፍርዱን ሳያዩ ሞተዋል።

በ2005 የሆላንድ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጃካርታ ድረስ ሄደው 1945ን «በፖለቲካና በሞራል» እንቀበላለን አሉ፤ በሕግ የሚለውን ቃል ተዉት። በ2020 ንጉሥ ቪለም አሌክሳንደር ለተፈጸመው ግፍ ይቅርታ ጠየቁ። በ2022 የሆላንድ ተመራማሪዎች ጦሩ ከመጠን ያለፈ ግፍ በስፋት ይፈጽም እንደነበረ ጽፈው ሲያወጡ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርክ ሩተ እንዲሁ ይቅርታ አሉ። በጁን 2023 ደግሞ ሩተ በፓርላማ ተነሥተው ኦገስት 17 ቀን 1945ን ሙሉ በሙሉ እንቀበላለን አሉ። ንጉሡ በየዓመቱ ኦገስት 17 ለኢንዶኔዢያ የእንኳን አደረሳችሁ ቴሌግራም እንደሚልኩም በዚያው አስታወሱ።